መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ሶላር ምን ይሠራልናል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ። ሥራዬም ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የከተማ አስተዳደሮች በሕንፃዎቻቸው ላይ ሶላር አስገጠሙ የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ዜናው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያህል ፓነል ተተከለ፣ ይህን ያህል ኪሎዋት ያመነጫል፣ ኃላፊው ሪባን ቆረጡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ አለቀ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ አለ። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ይህ ሕንፃ መብራት ይኖረዋል ወይ?

ጥያቄው የሞኝ ይመስላል። ጣሪያው ሙሉ ሶላር የሆነ ሕንፃ እንዴት መብራት ይጠፋበታል? ይጠፋበታላ! እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ ከላይ ፓነሉ ተደርድሮ፣ ከታች ሠራተኛው በስልኩ መብራት ፋይል ሲፈልግ ልታዩ ትችላላችሁ። ይህ ብልሽት አይደለም። ሲሠራም እንዲያ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓነሉ የሚያመነጨው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ነው፣ ሕንፃው የሚጠቀመው ግን ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ)። መሃል ላይ ዲሲውን ወደ ኤሲ የሚቀይር ኢንቨርተር የሚባል መሣሪያ አለ። የተለመደው ኢንቨርተር በራሱ መቆም አይችልም፤ የዋናውን መስመር ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ (ኤሲው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) እያየ ይከተላል እንጂ። የሚከተለው ካጣ ይዘጋል። እንዲዘጋም ይገደዳል። አይትሪፕልኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው 1547 የሚባለው ስታንዳርድ፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና በ2018 የተሻሻለው፣ መስመሩ ተቋርጦ ኢንቨርተሩ ብቻውን ከቀረ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ መስመሩ ኃይል መላክ እንዲያቆም ያዛል። ምክንያቱም ትክክል ነው። ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ሲነካው፣ ከአንድ ማዘጋጃ ቤት ጣሪያ የመጣ ኃይል ቢጠብቀው የሰው ሕይወት ይጠፋል።

ታዲያ ሕንፃው ራሱን ችሎ እንዲቆም ምን ይጎድለዋል? ባትሪ። የሚከተለው መስመር ባይኖርም የራሱን ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ መፍጠር የሚችል ኢንቨርተር። ሕንፃውን ከዋናው መስመር በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ማለትም የመስመር ሠራተኛውን ሳይጎዳ ውስጡን የሚያበራ። በላዩ ላይ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያዝ መቆጣጠሪያ፤ ባትሪው ስንት ቀረው፣ ፀሐዩ ምን ያህል እየሰጠ ነው፣ የቱ ይቆይ የቱ ይጥፋ የሚለውን የሚወስን። ማይክሮግሪድ ማለት ይኸው ነው። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ነገሩ ተአምር አይደለም። አንድ ሕንፃ፣ ወይም አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ጥቂት ሕንፃዎች፣ በደህናው ጊዜ ከዋናው መስመር ጋር ተያይዘው ይሠራሉ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ተገንጥለው እንደ ደሴት ይቆማሉ።

ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁ እንዲህ ዓይነት ምረቃ ሲሄዱ አንድ ነገር ቢጠይቁልን ደስ ይለኛል። «ዋናውን ብሬከር አሁን አውርዱልን፣ እንይ» ይበሉ። በቃ። የፓነሉን ብዛት ከመጻፍ ይልቅ ብሬከሩ ከወረደ በኋላ የትኛው ክፍል በራ፣ ለስንት ሰዓት ይበራል የሚለውን ይጻፉ። «ዛሬ አይመችም» ከተባሉም እሱኑ ይጻፉት።

ይህን የምለው ቴክኒክ ስለምወድ ብቻ አይደለም። የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ሲመታ፣ በኒው ጀርሲ የሚገኘው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ግቢውን በራሱ ኃይል አበራ። ዋናው ምንጩ 15 ሜጋዋት የሚያመነጭ የጋዝ ተርባይን ነበር። ሶላርም ነበረው፤ ግን ግቢውን ያቆመው ሶላሩ ብቻውን ሳይሆን ራሱን ችሎ መቆም የሚያስችለው ሥርዓት ነው። በዚያው አውሎ ነፋስ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የላንጎን ሕክምና ማዕከል መጠባበቂያ ኃይሉ በጎርፍ ምክንያት ከዳው፤ ከ300 በላይ ሕመምተኞችን በሌሊት ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ማውጣት ግድ ሆነ። ነርሶች ጨቅላ ሕፃናትን በእጃቸው አቅፈው፣ አየር በእጅ እየሰጧቸው፣ ደረጃ በደረጃ ወረዱ። ያ ሆስፒታል ጄኔሬተር አጥቶ አይደለም። ጄኔሬተር ነበረው። የሥርዓቱ ቁልፍ ክፍሎች ግን ውሃ በሚደርስበት ምድር ቤት ነበር የተቀመጡት።

ከዚህም የሚበልጠው ለእኔ የጃፓኗ ሰንዳይ ታሪክ ነው። በቶሆኩ ፉኩሺ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሙከራ የተሠራ ማይክሮግሪድ ነበር፤ የጋዝ ሞተሮች፣ ሶላርና ባትሪ ያለው፣ አጠገቡ ላለ ሕክምናና እንክብካቤ መስጫም ኃይል የሚያቀርብ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ያ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ዋናው መስመር ሞተ። የጋዝ ሞተሮቹም መጀመሪያ ላይ ቆሙ። ባትሪው ግን ሊጠፋ የማይገባውን ተሸክሞ ቆየ፤ በማግስቱ ባለሙያዎች ሞተሮቹን አስነሱ፣ ዋናው መስመር እስኪመለስ ድረስ ሠሩ። ጋዙ የሚመጣበት ቧንቧ በመንቀጥቀጡ ስላልተጎዳ ነው ይህ የሆነው። ልብ በሉ፣ እዚያ ያዳነው አንድ መሣሪያ አይደለም። አንዱ ሲደክም ሌላው ያዘ። ደግሞም በቦታው የተገኘና ምን መንካት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነበር። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ከተማ ሕንፃዎች። የከተማ አስተዳደር ብዙ ሕንፃ አለው። ቢሮ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ፣ የአውቶቡስ ጋራዥ፣ የስፖርት አዳራሽ። ሁሉንም ማይክሮግሪድ እናድርግ ማለት ቀልድ ነው። ገንዘቡም አይበቃም፣ አስፈላጊም አይደለም። የከንቲባው ቢሮ ለግማሽ ቀን ቢጨልም ማንም አይሞትም (ይቅርታ ይደረግልኝ)። የውሃ ፓምፑ ለሁለት ቀን ቢቆም ግን ከተማው በሙሉ ይጠማል፣ ሆስፒታሉም ጭምር። የክትባት ማቀዝቀዣ ሲሞቅ መድኃኒቱ ይጣላል። የእሳት አደጋ ጣቢያው በር በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ፣ ሬዲዮውም ባትሪ ካለቀበት፣ መኪናው እዚያው ተዘግቶበት ይቀራል። የሚገርመው ግን ሶላር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገጠመው ዋናው መንገድ ላይ ያለው፣ ሰው የሚያየው ትልቁ ሕንፃ ላይ ነው። የፓምፕ ጣቢያውማ ከከተማ ዳር ነው፣ ፎቶም አያምርም።

በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የተባለች ከተማ በዚህ ደስ የሚል ሥራ ሠርታለች። የጀመረችው ከሦስት የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ነው። እያንዳንዱ ላይ ሶላር፣ ባትሪና መቆጣጠሪያ ተገጠመ፤ የታለመውም መስመሩ ሲቋረጥ ጣቢያው በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት ራሱን ችሎ እንዲሠራ ነው። ሦስት ሰዓት! ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሕንፃው ተመርጧል፣ ሰዓቱ ተለክቷል፣ ስለዚህ ሠራ ወይም አልሠራም ማለት ይቻላል። እኔ «ከተማዋን አረንጓዴ እናደርጋለን» ከሚል መፈክር ይህቺን ሦስት ሰዓት እመርጣለሁ።

ሌላው መታሰብ ያለበት ሕንፃ ሰው የሚጠለልበት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 በሰሜን ካሊፎርኒያ የኃይል ኩባንያው የሰደድ እሳትን ፈርቶ ሆን ብሎ መስመር ሲያቋርጥ፣ ብሉ ሌክ ራንቸሪያ የተባለው የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ በማይክሮግሪዱ በርቶ ቀረ። ነዳጅ ማደያው ሠራ፤ የሆቴሉ ክፍሎች በመተንፈሻ መሣሪያ ለሚኖሩ ሕመምተኞች ተሰጡ፤ በዚያ ቀን ወደ 10,000 የሚገመት ሰው ከአካባቢው እየመጣ አገልግሎት አገኘ። ፖርቶ ሪኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ከመታት በኋላ መብራቱ ለሁሉም ሰው እስኪመለስ 11 ወር ያህል ፈጅቷል። አሁንጣስ በተባለችው ተራራማ ከተማ ካሳ ፑዌብሎ የሚባል የማኅበረሰብ ማዕከል ሶላር ነበረው፤ ሰው መድኃኒቱንና የመተንፈሻ መሣሪያውን ይዞ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። አንድ የበራ ሕንፃ ለሰፈሩ ሁሉ ምን እንደሚሆን ከዚያ ይታያል። የእኛ የከተማ አዳራሾችና ትምህርት ቤቶችም ለዚህ የሚሆኑ ናቸው፤ ጣሪያቸው ሰፊ ነው፣ ሰውም ያውቃቸዋል።

ግን ፓነልና ባትሪ ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ማንም የማይወደው ሥራ። ሕንፃው የሚያባክነውን መቀነስ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዚህ ነው። እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ጤና ጣቢያ በሌሊት በአማካይ 10 ኪሎዋት ይወስዳል እንበል። 12 ሰዓት እንዲያበራለት ከተፈለገ 120 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይገዛል፤ ባትሪ እስከ መጨረሻው ድረስ ስለማይጨረስ እንዲያውም ከዚያም በላይ። አምፖሉ ወደ ኤልኢዲ ቢቀየር፣ ማንም የሌለበት ክፍል አየር ማቀዝቀዣ ቢጠፋ፣ ያረጀው ማቀዝቀዣ ቢተካ፣ 6 ኪሎዋት ላይ ቢወርድ፣ 72 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። ባትሪው በአርባ በመቶ አነሰ ማለት ነው። ኤልኢዲ ከድሮው ክር ካለው አምፖል 75 በመቶ ያህል ያነሰ ኃይል ይወስዳል፣ ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ግን አሁንም ሶላር ተገጥሞላቸው ከሥር በድሮ መብራት የሚሠሩ ሕንፃዎች አሉ።

ብክነቱ የት እንዳለ ለማወቅ ትልቅ ጥናት ላያስፈልግ ይችላል። ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ማታ ቆጣሪውን አንብቡ፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ድጋሚ አንብቡ። ማንም በሌለበት ሕንፃ ቆጣሪው እንዴት ነው የሚሮጠው? ብዙ ጊዜ መልሱ ያስደነግጣል። ያልጠፋ ኮምፒውተር፣ የማያስፈልግ የውሃ ማሞቂያ፣ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ አዳራሽ የሚያቀዘቅዝ ማሽን። ያንን ለማጥፋት ጨረታ አይወጣም።

የውሃ ፓምፕ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በብዙ ከተሞች ውሃ መግፋት ከከተማው የኤሌክትሪክ ወጪ ትልቁን ድርሻ ከሚወስዱት አንዱ ነው። ፓምፑ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሠራና ውሃው ሲበዛ ቫልቭ ይታነቃል፤ ነዳጅ እየረገጡ ፍሬን እንደ መያዝ። ፍጥነቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ ቢገጠምለት ታሪኩ ይለወጣል። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱ የሚወስደው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚሄድ ነው (0.8 × 0.8 × 0.8 ወደ 0.51 ይመጣል)። (ውሃውን በቀጥታ ወደ ከፍታ ብቻ የሚገፋ ፓምፕ ላይ ቁጠባው ያንሳል፣ ይህን የማይነግራችሁን ሻጭ ተጠንቀቁ።) ለማይክሮግሪዱም ይኸው መሣሪያ ሌላ ጥቅም አለው። ትልቅ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ የሚደርስ ከረንት ይጎትታል። ዋናው መስመር ይሸከመዋል፤ ባትሪና ኢንቨርተር ግን እዚያው ይወድቃሉ። ወይ ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ሲባል ሁለት እጥፍ ኢንቨርተር ትገዛላችሁ፣ ወይ ሞተሩን ቀስ አድርጋችሁ ታስነሳላችሁ። ይህን ሳያስቡ የተገዛ ሥርዓት በወረቀት ላይ በቂ ነው፣ ፓምፑ ሲነሳ ግን ጨለማ ነው።

ስለ ጄኔሬተር ደግሞ። አንዳንድ ሰው ንጹህ ኃይል ሲባል ናፍጣ ጄኔሬተሩን ነቅሎ መጣል ይመስለዋል። እኔ አልስማማም። ለሦስት ቀን ደመና ከሆነ ባትሪው ያልቃል፤ ያኔ ጄኔሬተሩ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ብቻውን ያለ ጄኔሬተር ለትንሽ መብራትና ለጥቂት ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ከአቅሙ በጣም ባነሰ ሎድ (ማለትም በሚጠየቀው የኃይል መጠን) ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ደግሞ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ሞተሩን በጥላሸት ይሞላዋል። ከባትሪ ጋር ሲሠራ ግን ለጥቂት ሰዓት በደህና ሎድ ይነሳል፣ ባትሪውን ይሞላል፣ ይጠፋል። ነዳጁ ይቆጠባል፣ ሞተሩም ዕድሜ ያገኛል። ደግሞ በየወሩ ሎድ ጭኖ የማይሞከር ጄኔሬተር ጄኔሬተር አይደለም፤ ብረት ነው።

ባትሪ ውድ ነው የሚለው ክርክር እያረጀ ነው። ብሉምበርግኤንኢኤፍ የተባለው የኃይል ገበያ አጥኚ ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው ዳሰሳ መሠረት የሊቲየም አዮን ባትሪ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ይህ የባትሪው ብቻ ነው፤ ማጓጓዣ፣ ኢንቨርተር፣ ገጠማ ሲጨመር ይወደዳል። ቢሆንም ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ጥናት አውጥቶ «አያዋጣም» የሚል ኃላፊ ካለ ጥናቱን ያድስ።

ደኅንነቱ ግን ቀልድ የለውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በአሪዞና ሰርፕራይዝ በተባለች ከተማ አንድ የባትሪ ማከማቻ ፈንድቶ ለእርዳታ የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክፉኛ ተጎድተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ተወስዷል፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት በሙቀት ቶሎ ስለማይረበሽ ለሕንፃ ይመረጣል። ሆኖም ባትሪ የሚቀመጥበት ቦታ ከመግዛቱ በፊት መወሰን አለበት። እኔ በዓይኔ ያየሁት አንድ ሕንፃ አለ፣ ስሙ ይቅር፣ ባትሪዎቹን ምድር ቤት፣ ከወረቀት መዝገብ ክፍሉ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ አድርጎ ያስቀመጠ። ጎርፍ ቢመጣ ባትሪው ይሄዳል፣ እሳት ቢነሳ መዝገቡ ይሄዳል። ቦታውን የመረጠው ማነው ብል «ባዶ የነበረው እሱ ክፍል ነው» ተባልኩ።

አሁን የምር ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የሚያዝበት ሰው። የሰንዳዩን ታሪክ ያነሳሁት ለዚህ ነው። በአንድ ከተማ ሕንፃውን የሚሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ የመብራት ሂሳብ የሚከፍለው ሌላ፣ ሲበላሽ የሚጠገነው በሦስተኛው በጀት፣ የሚገለገልበት ደግሞ አራተኛው። ኢንቨርተሩ ቀይ መብራት ቢያበራ ማን ያያል? ሂሳብ ከፋዩ ጭማሪውን ያያል እንጂ ኢንቨርተሩን አያይም። በግቢው ያለው ጥበቃ ቀዩን መብራት ያያል፣ ግን ምን እንደሆነ የነገረው የለም። በዚህ ዓይነት ለወራት የሞተ ሶላር ማንም ሳያውቅ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። የክትትል ሥርዓቱ የይለፍ ቃል ደግሞ ተቋራጩ ስልክ ውስጥ ነው። ተቋራጩ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የይለፍ ቃሉም ይሄዳል። ሳቅ የሚያስመጣ ነገር ይመስላል፣ ግን ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ መግባት ያለበት ተራ ነገር ነው። በርክክብ ቀን ዋናው ብሬከር ወርዶ፣ ትክክለኛው ሎድ ተጭኖ፣ ቃል የተገባው ሰዓት እስኪሞላ ይታይ፤ ካልሞላ የመጨረሻው ክፍያ አይከፈል። ሙከራው በየዓመቱ ይደገም፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይለጠፍ። የይለፍ ቃሉም ሆነ የመስመር ሥዕሉ የከተማው ንብረት ይሁኑ። መለዋወጫ የሚገኝበት ቦታ ይጻፍ። ፓነል 25 ዓመት ዋስትና ተሰጥቶት ይመጣል፣ አቅሙም በዓመት ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው፤ ኢንቨርተር ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው ዕድሜው። ይህ ማለት በፓነሉ ዕድሜ ውስጥ ኢንቨርተሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይቀየራል፣ ያ ወጪም ዛሬ በበጀት ላይ መታየት አለበት ማለት ነው። እና በእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ሰው፣ በስም የተመደበ፣ የሠለጠነ፣ ምክትልም ያለው።

«እኛ ይህን የማስተዳደር አቅም የለንም» የሚል ከተማ ቢኖር አይገርመኝም። ለዚያም መንገድ አለ። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 በከባድ ነፋስ ብዙ ቦታ መብራት ጠፍቶበት ነበር። በኋላ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ዋና መሥሪያ ቤቱና ለማረሚያ ቤቱ ማይክሮግሪድ ያሠራው የራሱን ካፒታል ቀድሞ ሳያወጣ ነው፤ የግል ድርጅቶች ገንዘቡን አውጥተው ሠሩ፣ ያስተዳድራሉም፤ ካውንቲው በውሉ መሠረት ኃይሉን ይገዛል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ጀመሩ። ይህ መንገድ የራሱ አደጋ አለው። ውሉ ረጅም ነው፣ ዋጋው በየዓመቱ ስንት ይጨምራል የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ቁጠባ ሊበላ ይችላል። ውል አንባቢ ጠበቃ ብቻ ሳይሆን ቆጣሪ አንባቢ ባለሙያም አብሮ ይቀመጥ።

የእኔ ምርጫ ግን የጀርመኗ ሽቱትጋርት መንገድ ነው፣ ብዙ ሰው ስለማያወራው ልንገራችሁ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1995 በራሷ አስተዳደር ውስጥ አንድ ፈንድ አቋቋመች። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮው ለሌሎቹ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለኃይል ቁጠባ ሥራ ገንዘብ ያበድራል፣ ያለ ወለድ። ትምህርት ቤቱ ወይም የመዋኛ ገንዳው መሣሪያውን ይቀይራል፣ የመብራትና የማሞቂያ ሂሳቡ ይቀንሳል፣ የቀነሰውን ያህል ብድሩ እስኪያልቅ ወደ ፈንዱ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁጠባ የራሱ ነው። ፈንዱ ደግሞ በተመለሰው ገንዘብ ቀጣዩን ሕንፃ ይይዛል። ባንክ የለበትም፣ የውጭ ድርጅት ትርፍ የለበትም።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? በተለመደው አሠራር የቆጠበ ኃላፊ ይቀጣልና ነው። ዘንድሮ የመብራት ወጪህን ቀነስክ፣ በሚቀጥለው ዓመት በጀትህ ይቀነሳል። ታዲያ ማን ይደክማል? ቁጠባው ላመጣው ክፍል የሚቀርበት ደንብ ካልወጣ ማንኛውም የቴክኖሎጂ ንግግር ዋጋ የለውም፣ የምሬን ነው።

ገንዘብ የለንም የሚል አስተዳደር ከዚህ ይጀምር። በመጀመሪያው ዓመት አምፖልና የፓምፕ መቆጣጠሪያ ለመቀየር የሚበቃ ትንሽ ፈንድ ይኑር። ከሱ የተረፈው የመጀመሪያውን ባትሪ ይግዛ፤ ባትሪውም የሚገባው የፓምፕ ጣቢያው ወይም ጤና ጣቢያው ጋ ነው። ሶላር አስቀድሞ የተገጠመላቸው ሕንፃዎች ካሉ ደግሞ እነሱን አጣርቶ፣ ኢንቨርተራቸው ባትሪ የሚቀበል ከሆነ፣ ከዜሮ ሳይጀመር መጨመር ይቻላል። ያ ዝርዝር፣ ማለትም የትኛው የከተማው ሕንፃ መስመር ቢቋረጥ ስንት ሰዓት ይቆማል የሚለው፣ በማንኛውም ማዘጋጃ ቤት በጥቂት ባለሙያዎች ሊሠራ የሚችል ነው። እስቲ ጠይቁልንና ያገኛችሁትን አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ